ጋሽ አጥናፉ የተረከቧት መንደር

አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት ነው፣ የመስቀለኛ ቃላት ወዳጆች ቴሌግራም ላይ ተሰብስበው የለመዱትን ጨዋታ ይዘዋል። አንዱ ሦስት ቃላት ይወረውራል፤ ሌላው ሦስቱን የሚያገናኘውን አንድ ቃል ይፈልጋል። ያቃተው እንደ ልጅነት እንቆቅልሽ አገር ይሰጣል፤ የተቀበለውም በተሰጠው አገር ገብቶ እንደ ልቡ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰጪውን ከነአገሩ ያብጠለጥላል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ማኩረፍ የለም።

ችግሩ ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ቡድኑን የከፈቱት እሳቸው ስለሆኑ ጠያቂውም እሳቸው፣ ዳኛውም እሳቸው። ተሸንፈው አያውቁም፤ መልሱን የሚወስኑት ሰው ከመለሰ በኋላ ነዋ! በዚህ ዘዴ ጅማን፣ ጎንደርንና አሰላን ጠቅልለው ይዘዋል።

የዕለቱ ተራ የወለላ ነበር። ወለላ ፋርማሲስት ናት፤ ለመድኃኒትም ለነገርም መጠኑን ታውቃለች።

«ዶሮ፣ ጠበቃ፣ ጎርፍ!» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

«ጩኸት! ሦስቱም ይጮኻሉ» አለች ወለላ ወዲያው።

«ተሳስተሻል! መልሱ ‹ጠዋት› ነው። ዶሮ የሚጮኸው በጠዋት ነው፤ ጠበቃዬን የማገኘው በጠዋት ነው፤ ጎርፉም ጓሮዬ የገባው በጠዋት ነው።»

«ኧረ ጋሽዬ! የእርስዎን ጓሮ እኔ በምን አውቄ?»

«ዳኛ አይከሰስም። አገር ስጪኝ!»

«እሺ፣ ሐረርን ይውሰዱ።»

«ከተማ ሰልችቶኛል። የተወለድሽባትን አምባ ግራርን አምጪ!»

አምባ ግራር ለወለላ እናቷ ማለት ናት። ጋሽ አጥናፉ ደግሞ አንዴ አገር ከገቡ አፋቸው ልጓም የለውም፤ የመንደሯ ልጆችም እዚያው ቡድን ውስጥ ሆነው ይሰማሉ። ድምፅ መቅጃውን ተጫነች።

«ይሁን ጋሽ አጥናፉ፣ አምባ ግራርን ከነሰዉ ከነከብቱ ሰጥቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎት! ድልድዩን ክረምት ላይ ወንዝ ወስዶታል፤ ሕዝቡም አቤት የሚልለት ጌታ አጥቶ ከርሟል። እንግዲህ ባለአገሩ እርስዎ ነዎትና ስልክዎን ለሁሉም ሰጥቻቸዋለሁ። መልሱ ጠዋት ነው ስላሉ ነገ በጠዋት ይደውላሉ።»

ቡድኑ በሳቅ ፈነዳ። አሰላን ያስረከበው ሰውዬማ «ለእኔም አገር ሰዎች ስልክዎን ልስጣቸው እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ጅማን የሰጠችውም «ለእኔም!» አለች።

ጋሽ አጥናፉ ሲጽፉ፣ ሲያጠፉ፣ እንደገና ሲጽፉ ቆዩ። በመጨረሻ አንዲት አጭር መልእክት መጣች፦

«ሁላችሁም አገራችሁን ውሰዱ። ወለላ፣ ልክ ነሽ፤ መልሱ ጩኸት ነው።»