ጥላው ድንጋዩን እስኪያልፍ

«ዝም በሉ! ቀበሮ እየቀመሰ ነው!»

ውሃ የሚጠብቀው ሰልፍ ጸጥ አለ። ቀበሮ ምላሱን ኩሬው ውስጥ ነከር አደረገና ዳር ወጥቶ ተጋደመ። አሁን የሚጠበቀው አለመሞቱ ነው። የግራሩ ጥላ ከኩሬው ዳር ያለችውን ድንጋይ እስኪያልፍ ቀበሮ ካልሞተ፣ ውሃው ደህና ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ጅብ ይቀምሳል፤ ጥላውም ሁለተኛዋን ድንጋይ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ከዚያ ጅብ ለአንበሳ ይነግራል፣ አንበሳ ያገሳል፣ ሕዝቡ ይጠጣል። በአንበሳው አያት ዘመን አንድ ጎሽ ከዚህ ጠጥቶ ስለሞተ የወጣ ሥርዓት ነው። ጎሹ የሞተው በእርጅና ነው የሚሉ ነበሩ፤ ዛሬ ግን የሉም።

ከርከሮ ከታላቅ እህቱ ጎን ቆሟል። የእህቱ ልጅ ጉልበቷ እየከዳት እናቷ እግር ላይ ተደግፋለች።

«ይኼ ቀበሮ መሞት እንኳ አይችልበትም» አለ።

«አንተ አፈኛ፣ ቀስ በል! ልጄን እያት። ዛሬ ካልጠጣች ነገ የለችም።»

አፈኛነቱን አንበሳም ያውቃል። ሰሞኑን ውሃ ሲጠብቅ ወድቆ ለምሳው የሚቀርብለት ሁሉ ቆዳና አጥንት ሆኖበት፣ «ስጋው ከሳ፤ የመዘግየቱ ምክንያት ይጠና» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ጥናቱን ለከርከሮ ሰጠው። መልሱ የሚሰማው ዛሬ በጉባኤ ነው።

ጥላው የመጀመሪያዋን ድንጋይ አለፈ። ቀበሮ ተነስቶ ሄደ፤ ጅብ እየተንጎራደደ መጣ። ከርከሮ ተጠጋው።

«ጋሼ ጅብ፣ ለጥናቴ ነው፤ ቀበሮ ካልሞተ እርስዎ ለምን ደግመው ይቀምሳሉ?»

«አለመሞቱን በምን አወቅህ?»

«ይኸው በእግሩ እየሄደ!»

«እሱ የራሱ አስተያየት ነው» አለ ጅብ። ቀመሰና ተጋደመ።

ጥላው ሁለተኛዋን ሲያልፍ ጅብ ተነሳ። የአንበሳ ዋሻ ወደ ላይ ነው፤ ጅብ ግን ወደ ታች፣ ወደ ሰልፉ ጭራ ወረደ። አይቸኩልም። የእያንዳንዱን ጉልበት እያየ ይሄዳል። የሚንቀጠቀጥ ሲያገኝ ቆም ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት ሚዳቋ ተንበርክካ ነበር። ጅብ አጠገቧ ቁጭ አለ። ከርከሮ ሁሉንም ያያል።

አንበሳ ለጉባኤው ወደ ኩሬው ሲወርድ ጅብ ገና ሚዳቋዋ ጋ ነበር።

«እህሳ! ምክንያቱ ተገኘ?»

ቀበሮ ቀደመ። «ጌታዬ፣ ሕዝቡ ሲያለከልክ ይረብሸናል። በጥሞና መቅመስ አልተቻለም።»

«ከርከሮስ?»

ከርከሮ እህቱን ዞር ብሎ አየ። ጭንቅላቷን ወዘወዘች፤ ተው ማለቷ ነበር። እሱ ግን ዓይኑ ልጅቷ ላይ ቀረ።

«ጌታዬ፣ ውሃው ከጠዋት ጀምሮ ደህና ነው። የዘገየው ወሬው ነው። ጅብ ወደ እርስዎ ከመምጣቱ በፊት ታች ወርዶ የሚወድቅ ይጠብቃል። እኛ ውሃ እንጠብቃለን፣ እሱ እኛን ይጠብቃል። አሁን ያግሱልንና ልጆቹ ይጠጡ።»

ቀበሮ የገዛ ጅራቱን ያይ ጀመር። አንበሳ ከርከሮን አየውና ሳቅ አለ።

«ግሩም ጥናት ነው። እንግዲህ ጅብ ካልታመነ ቅምሻውም አይታመንም። ከዛሬ ጀምሮ ከጅብ በኋላ አንተ ትቀምሳለህ። ወሬውንም አንተው ታመጣልኛለህ።»

ይህን ብሎ ወደ ዋሻው ተመለሰ።

ከርከሮ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ጉሮሮው በጥም እንጨት ሆኗል። ደግሞስ፣ አለ በልቡ፣ እኔ ከያዝኩት ይፈጥናል፤ አንዴ ላስ አድርጎ መሮጥ ነው። ወደ ኩሬው ጎንበስ አለ። አንዴ ሊልስ የነበረው ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ቀና ሲል ሰልፉ ሁሉ ያየዋል። ሊሮጥ ሲነሳ ቀበሮ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ወዴት? ሦስተኛ ድንጋይ አስቀምጠንልሃል። ጥላው ሳያልፋት ብትሞትስ?»

ድንጋይዋ ራቅ ተደርጋ ነው የተቀመጠችው። ከርከሮ ጥላውን አየ፣ ቀበሮን አየ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ተጋደመ።

እህቱ ልጇን እየጎተተች መጣች። ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች፤ ዓይኑንም አላየችው።

«ጋሼ» አለችው፣ «ጥላው እስኪያልፍ ልጄን እርስዎ አጠገብ ላስተኛት? ጅብ ወደኛ እየመጣ ነው።»