ግሉኮስ እጁን የፈታ ዕለት

ጆሮ ያለህ ቅረብ፤ ጆሮ ያለሽ ተጠጊ!

ዱሮ ዱሮ፣ ሸንኮራ አገዳ እንደ ሰው ያወራ በነበረበት ዘመን፣ በአገዳው ጫፍ ቅጠል ውስጥ ግሉኮስ የሚባል ነጠላ ስኳር ይኖር ነበር። አንድ ቀን ከአገዳው ሥር ትንሽ ቡቃያ ተጣራች።

«ኧረ ስኳሮች! ጉልበቴ አለቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሳችሁልኝ እደርቃለሁ!»

«አይዞሽ፣ መጣሁ!» አለ ግሉኮስ።

ብቻውን ቁልቁል ሮጠ። መንገድ ላይ ስኳር እያነደደች የምትኖር ምድጃ አፏን ከፍታ ጠበቀችው።

«ነጠላ ነህ? እሰይ፣ ማላመጥም አያስፈልገኝ!»

ግሉኮስ በርግጎ ወደ ቅጠሉ ተመለሰ።

ቡቃያዋ ደግማ ተጣራች። ድምጿ ቀጥኗል። ግሉኮስ ጎረቤቱን እመት ፍሩክቶስን ለመናት። ተቃቅፈው ወረዱ። የአገዳው ጭማቂ ገፋ ቢያደርጋቸው ግን አንዱ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ!

ምድጃ ከት ብላ ሳቀች። «መተቃቀፍ ዝምድና መሰላችሁ?»

እንደምንም አምልጠው ስኳር ወደሚያጋባው ሽማግሌ፣ ወደ አያ ኢንዛይም ሄዱ።

«አያ ኢንዛይም፣ አጋባን!»

«እጃችሁ ሙሉ ሆኖ በምን ትያያዛላችሁ? አንተ፣ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ልቀቅ። አንቺ፣ አንድ ሃይድሮጅን።»

«እኔ ሁለት፣ እሷ አንድ? ይሄ ፍርድ ነው?»

«በል ቁጠር!» አለች ፍሩክቶስ። «ቆጥረህ ስትጨርስ ለቅሶ እንደርሳለን።»

ግሉኮስ ወደ ታች አዳመጠ። የቡቃያዋን ሦስተኛ ጥሪ ጠበቀ። ዝም። ምንም የለም።

ያኔ እጁን ፈታ። ፍሩክቶስም ፈታች። ከጣሉት መዋጮ አንዲት የውሃ ጠብታ ተወለደችና እየተንከባለለች ሄደች። ሁለቱም በባዶ እጃቸው ጥብቅ አድርገው ተያያዙ።

ሲወርዱ ምድጃ ጠየቀች፦ «ነጠላ ነህ?»

«ጥንድ ነን! ሱክሮስ ነን!»

ልትጎርሳቸው ሞከረች፤ ከአፏ በለጡ። ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ቀልታ ሳለች ቡቃያዋ ዘንድ ደረሱ። ቡቃያዋ አንዴ ቀመሰች፣ ሁለቴ ቀመሰች፣ በሦስተኛው ቀና ብላ አረንጓዴ ቅጠል ዘረጋች።

ወሬው ላይ ወዳለው ቅጠል ሲደርስ የቀሩት ስኳሮች ተንጋጉ። «አያ ኢንዛይም፣ እኛንም! እኛንም!» ሦስት ሆነው ተያያዙ፣ የግሉኮስ ወንድሞችም መቶ ሆነው ተያያዙ፣ ስታርች የሚባል ረጅም ዘመድ ሆኑ።

«ኧረ በየተራ!» ጮኸ ሽማግሌው፣ ጋቢውን ከጠብታው እየሰበሰበ። «በውሃ ልታሰምጡኝ ነው!»

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይባላል፦ ምንም ያልለቀቀ እጅ፣ ሌላ እጅ አይጨብጥም።