በእድር ቃሬዛ ሦስተኛ ፎቅ

ይቺን ስሙልኝማ! አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች፤ ወላጅ ያጡ ልጆች በሚያሳድግ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ወጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ትልቁን ድስት እንደተሸከመች ወደቀችና ወገቧ ተሰበረ፤ መቆም እንኳ አቃታት። ደግነቱ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ መድን ገብቶላቸዋል፤ መሥራት ያቃተው ሰው በየወሩ መተዳደሪያ ይሰጠዋል።

የመድኑ ሥራ አስኪያጅ ግን ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «ራሷ ቢሮዬ መጥታ ካላየኋት አልፈርምም» አለ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የሚባል ነገር የለውም! ምን ታድርግ? የእድሯ ሰዎች በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመው፣ ላብ በላብ ሆነው አወጧትና ፊቱ አስቀመጧት።

ሰውዬው ቀና ብሎ አያትና፣ «አንቺ ሴትዮ! ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መምጣት የቻለ ሰው መሥራትም ይችላል። ነገ ሥራሽ ግቢ!» አላት።

እሷም ከተኛችበት ሳትነቃነቅ፣ «እሺ ጌታዬ። ጎረቤታችን አቶ ሽብሩም ባለፈው እሑድ በዚሁ ቃሬዛ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደው ነበር። እኛ መሥራት እንደሚችሉ መች አውቀን፤ ቀብረናቸው ተመለስን! በሉ እንግዲህ፣ ለሳቸውም ነገ ሥራ ይግቡ ብለው ይጻፉላቸው» አለችው።

የተሸካሚዎቹ ሳቅ ደረጃውን ሞላው። ሰውዬው በእጁ የያዘውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲፈልግ ቆየና፣ እዚያው ፈረመላት!