ረመዳኑን ባዶውን የቆመው ባትሪ

ስሟን የማልነግራችሁ አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። ተራራ ላይ ስለተሠራች ሰዎቿ ወደ ገበያ ሲሄዱ ይወርዳሉ፣ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ይወጣሉ። በዚያች ከተማ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ አዛውንት ይኖራሉ። አርባ ዓመት ኪታብ አቅርተዋል፤ ሐጅ ግን አልሄዱም። ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ሐጅ ደርሰው የተመለሱ ስንትና ስንት ናቸው። እሳቸው በየዓመቱ ይሸኛሉ፣ በየዓመቱም ቆመው ይቀራሉ።

እኒህ ሰው መኪና ነበራቸው። ስለ መኪናዋ ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም፤ ብነግራችሁም መግባቱን እንጃ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ ይቺ መኪና ግን ትወጣለች። እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ተሰክታ ባትሪዋን ትሞላለች፤ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ በቤንዚን ትሄዳለች። ቁልቁል ስትወርድማ ባትሪው ራሱ ይጨምራል። እየሄደ የሚጠግብ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሦስት ጊዜ አስረድተውኝ ሦስቴም ጠፍቶብኛል።

ሼሁም እንደኔው ግራ ገብቷቸው ነበር። መኪናዋን የላከችላቸው ውጭ አገር የምትነግድ ልጃቸው ናት። «አባቴ፣ ባትሪው ሁልጊዜ ጢም ብሎ አይሙላ፣ ባዶውንም ብዙ ቀን አይቁም» ብላ በስልክ መከረቻቸው። ይኼ ደስ አላቸው። «ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ የተባለው ለእሱም ነው ለካ!» አሉ። ከዙህር ሶላት በኋላ ይሰኩታል፣ ሙአዚኑ ለዐስር ሲጣራ ይነቅሉታል። ያልወደዱት ስክሪኑን ብቻ ነው። «ሃምሳ ኪሎ ሜትር» ብሎ ቁርጥ ያለ ነገር ይጽፋል፤ ኢንሻአላህ አይልም። እሳቸው ናቸው የሚጨምሩለት።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ወደ መስጊድ በእግሩ ለሚሄድ በየእርምጃው አጅር፣ የአላህ ምንዳ አለ ብለው ቁልፉን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። መኪናዋ ያኔ ባትሪዋ አልቆ ነበር፤ ልብ አላሉትም። ወሩን ሙሉ እንዲያው ባዶዋን ቆመች። ለዒድ ሞልተው ሲያስነሷት ስክሪኑ ያንኑ ሃምሳውን ይላል። መኪናዋ ግን አንድ ቀን ሃምሳውን ትሄዳለች፣ አንድ ቀን ሠላሳ ላይ ባትሪው ያልቅባትና ወደ ቤንዚን ትዞራለች። አንዱ መካኒክ «ባትሪው ተጎድቷል» አለ። ሌላው «ኧረ ዳገቱ ነው» አለ። ሦስተኛው «ብርዱ ነው» አለና ሻይውን ጠጥቶ ሄደ።

በዚያ ዓመት የሐጅ ምዝገባ ሲከፈት ልጃቸው «መኪናዋን ይሽጡና ይሂዱ» አለቻቸው። ገዢውም ወዲያው ተገኘ። ጦይብ የሚባል አናጢ ነው። እናቱ እማማ ሽኩሪያ ኩላሊታቸውን ታመው በሳምንት ሁለቴ ታች ባለው ከተማ ሆስፒታል ደማቸው በማሽን ይታጠባል። መንገዱ መሄጃው ሃያ ሁለት፣ መመለሻውም ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ጊዜው ደግሞ ቤንዚን ጠፍቶ ሰው ሁለት ቀን የሚሰለፍበት ነበር። ስለዚህ ለጦይብ መኪናዋ ማለት ባትሪዋ ናት። ሃምሳ ከሄደች እናቱን አድርሳ ትመልሳለች፤ ሠላሳ ላይ ከቆመች እናቱ ዳገት ላይ ይቀራሉ።

ደላላው ኑርዬ ይኼን ሲሰማ ሼሁን ወደ ጥግ ወሰዳቸው።

«ሼሃችን፣ የረመዳኑን ነገር እንዳያነሱበት።»

«ለምን?»

«ባትሪው መጎዳቱን በእርግጥ ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የማያውቁትን ባይናገሩ ምን ወንጀል አለበት? ስክሪኑ ሃምሳ ይላል፤ እሱ ይናገር። ምዝገባው ሐሙስ ይዘጋል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኑርዬ ነገር እኔን አሳምኖኛል። የሚሸጡትን ዕቃ ነውር መደበቅ ሐራም መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ነውር ይሁን አይሁን ያልታወቀውስ? ሼሁ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ስክሪኑን እያዩ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። አንዴ «ዳገቱ ይሆናል» ይላሉ፣ አንዴ «አይ፣ እኔው ነኝ» ይላሉ። በመጨረሻ ወርደው ጦይብን ጠሩት።

«ልጄ፣ ረመዳኑን ሙሉ ባዶዋን አቁሜያታለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ታደርሰኛለች፣ አንድ ቀን ታስቀረኛለች። የእኔ ጥፋት ይሁን፣ ዳገቱ ይሁን፣ ብርዱ ይሁን ወላሂ አላውቅም። ሦስት ቀን ኺያር አለህ፤ መግዛትም መተውም ያንተ ነው። እናትህን ሳትይዝ ብቻህን ወርደህ ውጣባት። ካልሆነችህ ቁልፉን መልስ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅህም።»

ኑርዬ ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ።

የመጀመሪያው ቀን ደርሳ ተመለሰች። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ኑርዬ ደስ ብሎት «አላልኳችሁም!» እያለ ዞረ። ሦስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር፤ ጦይብ በዝናብ ርሶ በእግሩ መጣ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ባትሪው አልቆ፣ ጠብታ ቤንዚንም ስላልነበራት እዚያው ቆማለች። ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበ።

«ሼሃችን፣ አውፍ ይበሉኝ። ለእናቴ ፈራሁ።»

ሼሁ ቁልፉን ተቀበሉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ጦይብ ግራ ተጋባ። «በምኑ?»

«እናትህ ውስጧ ስላልነበሩ።»

ሐሙስ ሄደ፣ ምዝገባውም ተዘጋ። ሼሁ ጦይብን «እናትህ ማሽኑ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያሉ?» ብለው ጠየቁት። «አራት ሰዓት» አላቸው። «እሳቸው አራት ሰዓት ከተሰኩ መኪናዋስ እዚያው ለምን አትሰካም? ለመመለሻው ሃያ ሁለት ብቻ ነው የሚቀራት» አሉ። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት አንድ ልብስ ሰፊ ከሱቁ የመብራት መስመር ሊሰጣቸው ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ እማማ ሽኩሪያን የሚያመላልሷቸው ሼሁ ራሳቸው ሆኑ።

ሑጃጁ ወደ መካ የተነሱት ሰኞ ቀን ነበር። ኑርዬ በዚያ ሲያልፍ ሼሁን ልብስ ሰፊው ደጃፍ፣ ቻርጅ የምታደርገው መኪና አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ማልቀሳቸውን አልደበቁም።

«ሼሃችን፣ ያኔ ዝም ቢሉ ኖሮ ዛሬ አውሮፕላን ውስጥ ነበሩ።»

«የሰው እናት ዳገት ላይ ጥዬ የምደርስበት ካዕባ የለም» አሉት።

ወገኖቼ፣ እኛ አማና፣ አደራ መጠበቅ ማለት የምናውቀውን መናገር ብቻ ይመስለናል። የማናውቀውንማ «አላውቅም» ብለን ካልተናገርን ዝምታችን በስክሪኑ አፍ ይዋሻል። ባትሪው ተጎድቶ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስክሪኑ አሁንም ሃምሳ ይላል፤ ሼሁ ኢንሻአላህ ይላሉ፤ እማማ ሽኩሪያ ከኋላ ወንበር አሚን ይላሉ። እኔ ግን ባላወቅሁት ነገር ዝም ያልኩባቸውን ቀኖች አስባለሁ፤ ማን ዳገት ላይ እንደቀረብኝ አላውቅም።