የምንጩ መንገድና አስተማሪዎቹ

አንድ ጊዜ፣ ከገደሉ ሥር ንጹሕ ምንጭ እያለላቸው፣ የአንድ ቆላ እንስሳት ከሚንቦጫረቁበት ኩሬ እየጠጡ በተቅማጥ ያልቁ ጀመር። እመት አህያም የበኩር ልጇን ቀበረች። ሁለተኛዋን ውርንጭላ ሆዷን ሲቆርጣት ጊዜ፣ እናት «ይቺንስ አልቀብርም!» ብላ ተነሣች።

ጦጣን፣ ቀበሮንና ቆቅን የጤና አስተማሪ እንዲሆኑ ሦስት ቀን አሠለጠነቻቸው። ሥልጠናው ሽምደዳ ነበር። «ኩሬው በሽታ ነው! ከምንጩ ጠጡ!» የሚለውን ድምፃቸው እስኪዘጋ ደጋገሙት፤ ከዚያም በየሠፈሩ ዞረው ለፈፉ። ሰሚው ሁሉ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ወደ ኩሬው ወረደ። አያ ጅቦማ «የበሰበሰ በልቼ ያልሞትኩ ውኃ ይገድለኛል?» ብሎ ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት ሰነበተ።

አህያ በገነች። «ጆሮ የላቸውም! ሥልጠናውን ሳምንት አደርገዋለሁ» እያለች ወደ ኩሬው ብትወርድ፣ ቀበሮ ራሱ አጎንብሶ ሲጠጣ አገኘችው።

«አንተ አስተማሪው! አታፍርም?»

ቀበሮ ጢሙን ላሰ። «እመት አህያ፣ የምንጩ መንገድ በአንበሳ ደጅ ነው የሚያልፈው። ፈራሁ የሚል ጠፋ እንጂ ሁላችንም ፈርተናል። ለመሆኑ እርስዎ ሄደው ያውቃሉ?»

አህያ ሄዳ አታውቅም። ልጆቿንም ያጠጣችው ከዚሁ ኩሬ ነበር። እፍረቷ ከንዴቷ በለጠ።

በማግስቱ ሠልጣኞቿን ጠርታ «ሽምደዳው ይቅር። ዛሬ ትምህርቱ በእግር ነው» አለች።

ቆቅ ፈራ ተባ እያለች «አንበሳ እኮ ቀትር ላይ ይተኛል» አለች።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አህያ ከፊት፣ ውርንጭላዋ ከጎኗ፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው በደጁ አለፉ። አህያ ብትፈራም አልቆመችም። አንበሳው ያንኮራፋል። ከምንጩ እስኪረኩ ጠጥተው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪዎቹ በየቤቱ እየገቡ «ምን አገደህ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱን ይሰሙ፣ በቀትርም ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ይወጡ ጀመር። አያ ጅቦ እንኳ «እዚያ የሚበላ አለ?» እያለ ተከተለ።

«የለም» አለችው ጦጣ፤ «ግን መብላት የሚችለው ያልሞተ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ውርንጭላዋ እናቷን ቀድማ ዳገቱን በሩጫ ወጣችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ለማስተማር ስንነሣ አስቀድመን ያገደውን ነገር ጠይቀን መስማት፣ መንገዱንም ራሳችን ሄደን ማሳየት እንዳለብን ነው።