የሻረግን ቆሎ ባማራት ጊዜ

ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። በእኛ ሰፈር፣ ሁሉም የሁሉ ወላጅ በነበረበት በዚያ ደግ ዘመን፣ የሻረግ የምትባል አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ነበረች። በእረፍት ሰዓት ጓደኞቿ የሽምብራ ቆሎ ከኪሳቸው እያወጡ ቋ ቋ ሲያደርጉት እሷንም አማራት። ጥርሷን “ቆርጥም” ብትለው “ከረሜላ ቦርቡሮኛል፣ እሱ ካልተወኝ አልቆረጥምም” አላት።

“ከረሜላ፣ ጥርሴን ተው” አለችው።

“የምኖረው አባባ ገበየሁ ኪስ ነው፤ እሳቸው ካልተዉኝ አልተውም” አለ ከረሜላ።

አባባ ገበየሁ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ለሳመ ልጅ ሁሉ ከረሜላ የሚያድሉ ሽማግሌ ነበሩ። የማይወዳቸው ልጅ አልነበረም።

“አባባ፣ ከረሜላው አልተውም አለ፣ ጥርሴ አልቆረጥምም አለ፣ እኔን ቆሎ አማረኝ።”

“ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ለላከችው ልጅ ሁሉ ከረሜላ እየሰጠች እኔ ብተው ማን ጉልበቴን ይስማል? እሷ ካልተወች አልተውም።”

ወደ እትዬ ዘነቡ ሄደች።

“እትዬ ዘነቡ፣ አባባ አልተውም አሉ፣ ከረሜላው አልተውም አለ፣ ጥርሴ አልቆረጥምም አለ፣ እኔን ቆሎ አማረኝ።”

“የላኩትን ልጅ ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው የኔ ልጅ። ደግሞ ባለሱቁ ሙዘይን የከረሜላውን ብልቃጥ በር ላይ ደርድሮት፣ ልጁ ሁሉ ዓይኑ እዚያው ነው። እሱ ካልደበቀው አልተውም።”

ወደ ሱቁ ሮጠች።

“ጋሼ ሙዘይን፣ እትዬ ዘነቡ አልተውም አሉ፣ አባባ አልተውም አሉ፣ ከረሜላው አልተውም አለ፣ ጥርሴ አልቆረጥምም አለ፣ እኔን ቆሎ አማረኝ።”

ሙዘይን ሚዛኑን እየወለወለ “ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ‘ሂድ ከረሜላ ግዛ’ የሚሉት እናቶች ናቸው። ከሁሉም ቀድማ የምትልክ ደግሞ እናትሽ ናት። እሷ ካልተወች አልደብቅም” አለ።

እናቷ ትርንጎ ደጃፍ ላይ ልብስ ታጥባለች።

“እማዬ፣ ጋሼ ሙዘይን አልደብቅም አለ፣ እትዬ ዘነቡ አልተውም አሉ፣ አባባ አልተውም አሉ፣ ከረሜላው አልተውም አለ፣ ጥርሴ አልቆረጥምም አለ፣ እኔን ቆሎ አማረኝ” ብላ አለቀሰች።

ትርንጎ ከልማዷ “ዝም በይ፣ ከረሜላ...” ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች። እጇን ጠረገች፣ የልጇን አፍ ወደ ፀሐይ አዞረች፣ የተቦረቦረውን አየች።

“ለካ እኔ ነኝ” አለች።

የወይራ መፋቂያ ለሁለት ቆርጣ፣ እናትና ልጅ ደጃፍ ተቀምጠው ይፍቁ ጀመር።

እናት መላክ ተወች፣ ሙዘይን ብልቃጡን ላይኛው መደርደሪያ ሰቀለው፣ እትዬ ዘነቡ ለተላከ ልጅ ካሮት ሰጡ፣ የአባባ ኪስ ባዶ ቀረ፣ ከረሜላም ጥርሷን ተወ። የአባባን ጉልበት ግን መሳም የተወ የለም፤ “እደጉ” እያሉ ይመርቁናል። ያ ምርቃት ዛሬም ይናፍቀኛል።

የተበላው ጥርስ ግን ወለቀ፣ ጣሪያ ላይ ተወረወረ። ቆይቶ በቦታው ነጭ ጥርስ በቀለ። የሻረግ በአባባ በርጩማ ፊት ቆማ አንዲት ሽምብራ አፏ ውስጥ ጣለች። እናቷ፣ ሙዘይን፣ እትዬ ዘነቡ፣ ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን።

ቋ አለ።

አባባ ጥርስ የሌለው ድዳቸውን እያሳዩ ሳቁ። “እስቲ አንዷን ደግሞ ለእኔ ቆርጥሚልኝ” አሏት።

ተረቴን መልሱ፣ እጄ ላይ ቆሎ አፍሱ።