ጾም የመሰለ ጥም

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና፣ «ነውሬን ብደብቅ ማንን እጎዳለሁ?» ብላ የጠየቀቻቸውን ሴት አጠገባቸው አስቀምጠው።

እማሆይ የሚያወሩላት ሴት የወር አበባዋ ከቆመ ጥቂት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ስታስል፣ ስትስቅ፣ እንስራ ስታነሳ ሽንቷ ያመልጣታል። ባሏ አያውቅም፤ ልጇም አታውቅም። መድኃኒቱን ራሷ አወጣችለት፦ ውሃ አለመጠጣት። ከቤት የምትወጣ ቀን ከንፈሯ እስኪሰነጠቅ ትጠማለች። ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ ረክሻለሁ ብላ ከቅጽሩ ውጭ ተሳልማ ትመለሳለች።

በማርያም ማኅበር ላይ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ጠላ ሲቀርብላት «ይቅርብኝ» ነው መልሷ።

«ስእለት ይዛለች» አለች አንዷ።

«ከውጭ መሳለሟስ? ትሕትና እኮ ነው!» አለች ሌላዋ።

ሴት ስታፍር ጻድቅ የምትመስልበት አገር ነው እንግዲህ። እሷም አላረመቻቸውም። ከመናቅ መከበሩን ማን ይጠላል?

አንድ ቀን የማኅበሩ ተራ ከአንዲት የምታጠባ ጎረቤቷ ቤት ደረሰ። ሕፃኑ ጡት ይዞ ይለቃል፣ ያለቅሳል። አንዲት አሮጊት ለእናቲቱ ውሃ በጣሳ ዘረጋችላት።

«ጠጪ እንጂ፣ ወተትሽ ደርቋል!»

«ይቅርብኝ። እስከ ማታ ላልጠጣ ተስያለሁ። እንደ እትዬ መሆን አማረኝ» አለች እናቲቱ ከበሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ሴት እያየች።

«እሰይ!» አሉ ሴቶቹ።

ሴትዮዋ የሕፃኑን ከንፈር አየች። እንደ ራሷ ከንፈር ደርቋል። ከበሩ አጠገብ ተነሳች፤ ጣሳውን ከአሮጊቷ እጅ ወስዳ ሁሉም እያዩ ግማሹን ጨለጠችው።

«ጾሜ ውሸት ነው» አለች። «ሽንቴ ያመልጠኛል። የማልጠጣው ለዚህ ነው። እንኪ ጠጪ፣ ልጅሽን አትግደይ።»

አሮጊቷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኔንም እኮ... ይኸው ሰባት ዓመቴ!»

«አንቺንም?» አለች ሌላዋ። «እኔ ብቻዬን የተረገምኩ መስሎኝ!»

«ኧረ አታስቁኝ፣ አሁን ያመልጠኛል!» አለች ሦስተኛዋ።

እናቲቱ ግን አልሳቀችም። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ እስኪያልቅ ጠጣች።

እማሆይ ወደ ጠያቂዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ የዚያች ሴት ሽንት ማንንም አልጎዳም፤ ዝምታዋ ግን ሕፃን አስጠማ። አንቺም እንደ እሷ ያንኑ ሕመም ደብቀሻል። ዛሬ ሴት ልጅሽ አታውቅም፤ የእሷ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ እንደ እናቷ ብቻዋን ቁጭ ብላ ትጠማለች። ሂጂና ንገሪያት። ከዚያ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።»